ድምፁን በቴሌቪዥኑ አታሳልፉት፦ የኩዊንን የዌምብሌይ ኮንሰርት ቤት ውስጥ በወጉ ለማየት

ፊልም በዲቪዲ ማየት ቀላል ነው፤ ዲስኩን ከትቶ ሪሞቱን መጫን ነው። ኮንሰርት እንደዚያ አይደለም። ፊልም ላይ ድምፁ ትንሽ ቢደክም ታሪኩ ይይዛችኋል። ኮንሰርት ላይ ድምፁ ከደከመ የሚቀረው አራት ሰው መድረክ ላይ ሲሯሯጥ ማየት ብቻ ነው። ከዕቃዎቹ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይህን አይናገርም፤ እንዲያውም ወደማይሆነው አሰካክ ይመራል። እኔ ያደረግኩትን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንኑ ንዴት እንዳይደግመው ነው።

ኮንሰርቱ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኩዊን በ1986 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ያቀረቡት ነው (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ጁላይ 11 እና 12፣ ሁለት ምሽት ተጫውተዋል፤ በዲስክ የታወቀው የ12ቱ፣ የቅዳሜው ነው። በዚያው ክረምት ኦገስት 9 ኔብዎርዝ ላይ ከተጫወቱ በኋላ ከድምፃዊው ፍሬዲ ሜርኩሪ ጋር ሌላ ኮንሰርት አላቀረቡም። በ1990 የወጣው የቪኤችኤስ ካሴት ተቆራርጦ ያጠረ ስለሆነ ለመታሰቢያ ካልሆነ አትድከሙበት። ሙሉው በ2003 በዲቪዲ ወጣ፤ በ2011 የወጣው የ25ኛ ዓመት እትም ደግሞ የዓርቡንም ጨምሯል። የምትገዙት የ2011ዱን ነው።

ግን ከየት አገር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዌምብሌይ የተቀረጸው በፊልም ሳይሆን በቴሌቪዥን ካሜራ፣ በቪዲዮ ቴፕ ነው። የእንግሊዝ ሥርዓት ፓል ነው፦ በሰከንድ 25 ሥዕል፣ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ 50 ግማሽ ሥዕል። የእኛም አገር ያው ነው። አሜሪካ ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ሥዕል። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ዲስክ ላይ 50ው ወደ 60 ተለውጧል። ትርፎቹ 10 ከሰማይ አይወርዱም፤ ወይ ተደግመው ወይ ከአጠገባቸው ካለው ጋር ተደባልቀው የተሠሩ ናቸው። ካሜራው መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ ሥዕሉ ይንገጫገጫል፤ ፍሬዲ ያንን ግማሽ የማይክ ዘንጉን ሲያሽከረክር ከኋላው ጥላ ይከተለዋል። ፓሉ 576 መስመር፣ ኤንቲኤስሲው 480 መሆኑም ሌላ ጉዳት ነው። ስለዚህ ከዲሲ ዘመድ ሲመጣ ከማዘዝ ይልቅ ከለንደን የሚመጣ ሰው መጠበቅ ይሻላል። የአሜሪካ ባንድ፣ አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ የተቀረጸ ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ዲስኮች የክልል ቁጥር አላቸው፦ አሜሪካ 1፣ እንግሊዝ 2፣ ኢትዮጵያ 5። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ፣ እኛና እንግሊዝ ቢ ነን። መርካቶ የሚሸጡት ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የሚያስቸግረው ስመ ጥሩና ውዱ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ በቀጥታ ይሰካል፤ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ስታቢላይዘር ለሁሉም ያስፈልጋል።

ሥዕሉን ማስተካከል ብዙ አይፈጅም። በማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ‹ፊልም›፣ ‹ቪዲዮ›፣ ‹አውቶ› የሚል ምርጫ ካለ ለዌምብሌይ ‹ቪዲዮ› በሉት። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ኢንፎ ስትጫኑ 50 ኸርዝ ማለት አለበት፤ 60 ካለ ማጫወቻው ራሱ እየለወጠው ነው፣ የአሜሪካውን ዲስክ ችግር በገዛ ቤታችሁ ፈጠራችሁት ማለት ነው። የጊታሩን አንገት ተመልከቱ፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ግማሽ ሥዕሎቹ በትክክል አልተገጣጠሙም። ያኔ ማጫወቻው 576 ኢንተርሌስድ (ግማሽ ሥዕሎቹን ሳይገጣጥም) እንዲያወጣ አድርጋችሁ ሥራውን ለቴሌቪዥኑ ተዉለት። ‹ጥሩ ሥዕል ማለት በሰከንድ 24 ነው› የሚል ምክር ከፊልም ወዳጆች ትሰማላችሁ፤ ለዚህ ዲስክ ስሕተት ነው። ኩዊን በኖቬምበር 1981 ሞንትሪያል ላይ ያቀረቡት በ35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጿል፤ የእሱን ብሉሬይ በ24 ማየት ትክክል ነው። አንድ ባንድ፣ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላ ልዩነት፣ ግን ተቃራኒ ሴቲንግ። ለሁለቱም ቴሌቪዥኑ ራሱ የሚጨምረውን እንቅስቃሴ ማለስለሻ አጥፉት። በ1986 የቴሌቪዥን ካሜራ ሥዕል 4 በ3 ስለነበር፣ ስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢያሳይ አትናደዱ። ‹ስትሬች› ብላችሁ ከሞላችሁት ቀጭኑ ፍሬዲ ይወፍራል።

አሁን ወደ ዋናው መከራ። የቴሌቪዥኑም የሳውንድ ባሩም መመሪያ የሚሉት አንድ ነው፦ ሁሉንም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ፣ ከዚያ ኤአርሲ ከሚለው ቀዳዳ አንድ ኤችዲኤምአይ ወደ ድምፅ ማጉያው አውጡ፣ አለቀ። ገመድ ይቀንሳል፣ ቤቱም ያምራል። ለኮንሰርት ዲስክ ግን ከዚህ የባሰ አሰካክ አላውቅም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሮክ ኮንሰርት ዲስኮች ጀርባቸው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይጻፋል፦ ፒሲኤም ስቴሪዮ እና ዲቲኤስ 5.1። ፒሲኤሙ ያልታመቀ፣ ሁለት ቻናል ነው። ዲቲኤሱ ታምቆ ስድስት ቻናል ይይዛል፦ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሁለት፣ አንድ ለቤዝ ብቻ። ማጫወቻና ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ መጀመሪያ ይጠያየቃሉ። ማጫወቻው ምን ዓይነት ድምፅ ትቀበላለህ ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ዶልቢ (ሌላው የታመቀ ድምፅ ዓይነት) እና ፒሲኤም ብቻ ብሎ ይመልሳል፤ ከ2018 ወዲህ የወጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስን አይቀበሉምና። ከጀርባ ያለው ሳውንድ ባር ዲቲኤስ ቢያውቅም የሚጠይቀው የለም፤ ንግግሩ ቴሌቪዥኑ ላይ አልቋል።

ከዚያ ከሦስት አንዱ ይደርስባችኋል። አንደኛው ሥዕል አለ፣ ድምፅ የለም። ይህ ጥሩው ነው፤ ቢያንስ ችግር እንዳለ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው ማጫወቻው ስድስቱን ቻናል አጭቆ ወደ ሁለት ይለውጠዋል፤ የሕዝቡ ጩኸት ከኋላ መምጣቱን ትቶ ከፊት፣ ከድምፃዊው ጋር ተደርቦ ይመጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሳውንድ ባሩ ያንን ሁለት ቻናል ተቀብሎ የራሱን ‹ሰራውንድ› ይፈጥርበታል፤ ሁሉም ነገር መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። የሚያናድደው ይህ ነው፤ ድምፅ ስላለ ማንም አይጠረጥርም፣ ሰው ዲስኩን ያማል፣ ባንዱን ያማል።

ሻጩን ብትጠይቁት የሳውንድ ባሩን ካርቶን አዙሮ ምልክቱን በጣቱ ያሳያችኋል። «ይኸው፣ ዲቲኤስ ይላል!» ይላል፣ እውነት ነው። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ላይ ግን የማይቀበለው ነገር አይጻፍም፤ ያንን የሚያሳይ ጣት የለም። ጥገና ክፍል ብትደውሉ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ ይሏችኋል። ቴሌቪዥኑ ሲሠራ ያልተሰጠውን ነገር አፕዴት አይሰጠውም። ቀጥሎ ‹የተሻለ› ኤችዲኤምአይ ገመድ ግዙ ይባላል፤ ገመዱ ወርቅ ቢቀባም መልሱ ያው ነው። እነዚህን ሦስት ምክሮች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አንዱም ለችግሩ ቅርብ አይደለም።

የሚሠራው አሰካክ እንዲህ ነው። ኤችዲኤምአዩ ከማጫወቻው ወደ ቴሌቪዥን ሥዕል ብቻ ይውሰድ። ድምፁ ከማጫወቻው ጀርባ፣ በኦፕቲካል ገመድ፣ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ወይም ሳውንድ ባሩ ይሂድ። የኦፕቲካሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አውልቁ፤ ብዙ ሰው ከነክዳኗ ሊሰካ ይታገላል። አንዱን ጫፍ ሰክታችሁ ሌላው ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን ከታየ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ከታጠፈ ይሰበራል፣ ማዕዘን ላይ ሰፋ አድርጋችሁ አዙሩት። ማጫወቻው ኦፕቲካል ከሌለውና ኮአክሲያል የሚል ቀዳዳ ካለው ልዩ ገመድ አትግዙ፤ ከድሮው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ቢጫው በትክክል ይሠራል። ቢጫው ለቪዲዮ የተሠራ 75 ኦም ስለሆነ ነው፤ ቀይና ነጩን ተዉት።

ከዚያ በማጫወቻው ሜኑ ዲጂታል ድምፅ የሚለውን ‹ቢትስትሪም› አድርጉ፤ ‹ፒሲኤም› ላይ ከተዋችሁት ዲቲኤሱን ራሱ ማጫወቻው ይፈታውና ሁለት ቻናል ያደርገዋል። የቴሌቪዥኑን ስፒከር ዝጉ። ዲስኩ ሲጀምር የመጀመሪያው ምርጫ ብዙ ጊዜ ስቴሪዮ ስለሆነ ሪሞቱ ላይ ኦዲዮ የሚለውን ተጭናችሁ ዲቲኤስ ላይ አምጡት። የምታምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ዲቲኤስ የሚል ጽሑፍ መብራቱ። ሌላው ወሬ ነው። ሳውንድ ባራችሁ በኦፕቲካል ዶልቢን ብቻ የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ግን ስቴሪዮውን ስሙ፤ ምንም አልቀረባችሁም፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ድምፁን ከሥዕሉ ለያይታችሁ ስትልኩ አዲስ ጣጣ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ሲያሰናዳ ይዘገያል፣ እንደ ዓይነቱ 100 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ። ድምፁ ግን ወዲያው ይደርሳል። ድምፅ ከሥዕል ሲቀድም ከመዘግየቱ ይልቅ ጆሮ ይረብሻል፤ በተፈጥሮ ሁልጊዜ ማየት ይቀድማልና። በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ ‹ኦዲዮ ዲሌይ› ወይም ‹ሊፕ ሲንክ› የሚለውን ፈልጉ። ከ80 ጀምሩና በ20 በ20 ከፍ አድርጉ።

መለኪያችሁ ምን ይሁን? ሁሉም ሰው የሚሮጠው ‹ሬዲዮ ጋ ጋ› ላይ ሕዝቡ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደሚያጨበጭብበት ቦታ ነው። አታድርጉት። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሙዚቃውን የሚሰማው በ0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሕዝቡን ከላይ የሚያሳየውን ሥዕል ልብ ብላችሁ ካያችሁ እጆቹ በአንድ ቅጽበት አይነሡም፤ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ እንደ ማዕበል ይሄዳል። በየትኛው እጅ ትለካላችሁ? የሮጀር ቴይለር ዱላ ስኔር ድራሙን ሲመታ በቅርብ የሚታይበትን ቦታ ያዙ። ኮንሰርት ሲታረም ከሌላ ቅጽበት የተወሰደ ሥዕል ሊገባ ስለሚችል፣ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ዘፈኖች ላይ ፈትሹ፤ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ካልተስማማ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ብሉቱዝ ስፒከር? ለዜና ይሆናል። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፣ ማጫወቻው ደግሞ ሥዕሉን አያዘገይለትም።

ሰው የማይወድልኝን ሐሳብ ልጨምር፦ በቂ ስፒከር ከሌላችሁ 5.1ዱን እርሱት። ለስድስት ስፒከር የሚወጣው ብር ለሁለት ጥሩ ስፒከር ቢወጣ፣ የፒሲኤሙ ስቴሪዮ ከርካሹ ሆም ቴአትር ዲቲኤስ በብዙ ይበልጣል። ሁለቱን ስፒከሮች 2 ሜትር ያህል አራርቁ፣ እናንተም ከሁለቱ እኩል 2 ሜትር ላይ ተቀመጡ፣ ከግድግዳው ትንሽ አውጧቸው፤ ጥግ ውስጥ የተወሸቀ ስፒከር ቤዙን ያደበዝዘዋል። የጆን ዲከን ቤዝ ኖታ በኖታ ተለይቶ ካልተሰማ ቮልዩሙን ከመጨመራችሁ በፊት ስፒከሩን 20 ሳንቲሜትር ወደፊት ሳቡት። ‹ሮክ›፣ ‹ስታዲየም›፣ ‹ክሊር ቮይስ› የሚሉትን የድምፅ ሞዶች ሁሉ አጥፉ፤ ስታዲየሙ ዲስኩ ውስጥ አለ፣ በላዩ ሌላ ስታዲየም አይጨመርም። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ ሳብዉፈሩን ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ ከሥሩ አድርጉ፣ ከታች ያሉት እንዲተኙ።

ሲያልቅ ሴቲንጉን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ሳውንድ ባሮች መዘግየቱን ወደ 0፣ የድምፅ ሞዱን ወደ ‹ስታንዳርድ› ይመልሱታል፣ አንዳንዶቹም ኦፕቲካሉን ትተው ራሳቸው ወደ ኤአርሲ ይዞራሉ።