ግብሩን ተዉት፣ መጀመሪያ ካሳው መከፈሉን ጠይቁ

ወሎ ውስጥ ፋብሪካ ልክፈት የሚል ሰው በየጊዜው ይደውልልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። የግብር እፎይታው ስንት ዓመት ነው? ቀረጥ ነፃው ምን ምን ያካትታል? እኔም ስጀምር የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። "ካሳው ተከፍሏል ወይ ብለሽ ጠይቂ" ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ካሳ የምለው ለፋብሪካው ቦታ ሲባል ከመሬቱ ለሚነሳው ገበሬ የሚከፈለውን ነው። እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ።

ሥራዬ የእንስሳት መኖ ነው። ፉርሽካ፣ ፋጉሎና በቆሎ ፈጭተን፣ መጥነን፣ ደባልቀን በኬሻ እንሸጣለን። ደንበኞቼ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ዶሮና ላም አርቢዎች ናቸው።

ለምን ወሎ? ቦታው ራሱ ይጠራላ። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በባቲ በኩል ቁልቁል ወርዳችሁ ሚሌ ላይ የጅቡቲውን መንገድ ታገኛላችሁ። ድሮ የአሰብ መኪና የሚመላለሰውም በዚሁ ነበር። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ እዚያ የተሰበሰቡት አየሩን ወደው አይደለም። ደረቅ ወደብ አለ። የዱቄት ፋብሪካ ስላለ ፉርሽካ አይጠፋም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ የመጨረሻው ነው።

መንግሥትም የቦታውን ዋጋ ያውቃል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ 75 ሄክታር ላይ ነበር ያረፈው። ሼዱ ተሠርቶ፣ መብራትና ውሃ ገብቶ ነው ባለሀብት የተጠራው። ሐሳቡን ዛሬም እደግፋለሁ። ግን ፓርኩ ልብስ ሰፍቶ ውጭ ለሚልክ ድርጅት የታሰበ ነው። ፉርሽካ የሚያቦን ወፍጮ እዚያ ማን ያስገባል? ደግሞም ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ፓርኩም ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል ወጣች። የአሜሪካንን ገበያ ተማምኖ የመጣ ባለሀብት በአንድ ወቅት ሁለቴ ተመታ።

ባቡሩንም ታውቁታላችሁ። ከአዋሽ ተነስቶ ኮምቦልቻን አልፎ ሃራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሩ ግን ሥራ አልጀመረም። ቢዝነስ ፕላናችሁ ውስጥ "ባቡሩ ሥራ ሲጀምር" የሚል ነገር ካለ ዛሬውኑ ሰርዙት። የእኔ አማካሪ አስገብቶት ነበር። ባንኩ ደግሞ ከጥናቱ ሁሉ በጣም የወደደው ያንን ገጽ ነው።

ፈቃድ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ብዙ አላወራበትም። ቲን፣ የንግድ ስም፣ የአዋጭነት ጥናት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ከዚያ የኢንቨስትመንት ፈቃድ። ሠራተኞቹ ትሁት ናቸው፤ ሻይም ጋብዘውኛል። ያወጣሁት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ስለነበር ባለሀብት ተናፍቋል፤ በሩ ሁሉ ክፍት ነው። ማሽኑንም በሊዝ ፋይናንስ ነው ያገኘሁት። እኔ ሃያ በመቶ አዋጣሁ፣ የቀረውን ባንኩ ቻለ። ማሽን ለመግዛት ሲባል የአባቱን ቤት ለሚያስይዝ ሰው ይህ መንገድ በጣም ይሻላል።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ።

ከተማዋን አልጠራም። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ትደርሱባታላችሁ፤ ይበቃል። የመሬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ማስተር ፕላን ተሰቅሏል። ለኢንዱስትሪ የተከለለው ሐምራዊ ቀለም ተቀብቷል። ኃላፊው በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገልኝ። "እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ነው። መንገዱ እዚህ ጋ ይመጣል። መብራቱ በዚህ ያልፋል።" ያወራው ሁሉ የወደፊት ነበር። መሬቱ በጨረታ ሳይሆን በምደባ ስለተሰጠኝ የሊዝ ዋጋው ርካሽ ነው። ቅድመ ክፍያ ከፈልኩ፣ ውል ፈረምኩ፣ ሳይት ፕላን ተቀበልኩ። ዘመዶቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ።

ችካል ልንተክል ከቀያሹ ጋር ስንሄድ ቦታው ላይ ማሽላ ቆሟል። እሸት ሊሆን ተቃርቧል። ቀያሹ የመጀመሪያውን ችካል መሬት ሲመታ አንድ አባት ከማሽላው መሃል ብቅ አሉ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ ነው። አልጮኹም። ሰላም አሉን፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁን፣ ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ጎንበስ አሉና ችካሉን ነቅለው፣ አፈሩን አራግፈው ለቀያሹ መለሱለት።

"ልጄ፣ አንቺ ክፉ ሰው አትመስይም" አሉኝ። "ግን ማሽላው የእኔ ነው፣ መሬቱም የእኔ ነው። መጥተው ለክተው ሄዱ። ሦስተኛ መኸሩ ነው። ካሳህን ውሰድ ያለኝ የለም።"

"አባባ፣ እኔ እኮ ከፍዬ ነው የመጣሁት።"

"ለእኔ ነው የከፈልሽው?"

ምን እላለሁ? ቀያሹ መለኪያውን ማጣጠፍ ጀመረ። እሱ ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ሕጉ በግልጽ ከሳቸው ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ገበሬው ከመሬቱ ከመነሳቱ በፊት ካሳው ይከፈለው ይላል። መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ከሆነ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ የከፍተኛው ዓመት ተወስዶ በ15 ይባዛል። በቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ ተይዞ በ10 ነበር የሚባዛው። ጭማሪው ለገበሬው ይገባዋል፤ እንዲያውም ያንሰዋል ብል ደስ ይለኛል። ችግሩ ሒሳቡ ሲጨምር ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ትንሽ ከተማ ይህን የሚችል ካዝና የላትም። ስለዚህ በሕጉ መጀመሪያ የሚመጣው ክፍያ መጨረሻ ይሆናል። ካርታው ይሳላል፣ ምደባው ይጸድቃል፣ ውሉ ይፈረማል፣ ሪፖርት ላይ "ለባለሀብት ተላልፏል" ተብሎ ይጻፋል። ኃላፊው ደግሞ የሚገመገመው ለስንት ባለሀብት መሬት ሰጠህ ተብሎ ነው። ስንቱ ማሽን አስነሳ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ለአንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት ጠቅሜያለሁ።

ቢሮው ስመለስ "በጀት ሲለቀቅ" ተባልኩ። ቀጥሎ "ስብሰባ ላይ ናቸው"። ቀጥሎ ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱ "እኔ ገና መግባቴ ነው፣ ፋይሉን ልየው" አለኝ። ፋይሉ ጠፋ። ደግነቱ ኮፒ ነበረኝና እኔው ፋይል ከፍቼ፣ በራሴ ላስቲክ አስሬ ሰጠሁት። አመሰገነኝ።

ከዚያ በሹክሹክታ ምክር መጣ። "እህቴ፣ ካሳውን አንቺ ክፈይና ጨርሺው። በኋላ ከሊዙ ይታሰብልሻል።" በደብዳቤ ስጡኝ አልኩ። "በደብዳቤማ አይሆንም።" እንግዲያው አልከፍልም አልኩ። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ከፍሎ መሬቱን ይዟል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ኃላፊ በየጊዜው በሚቀያየርበት ቤት የአፍ ቃል አልገዛም። እናንተም አትግዙ። ቀድሞ የገባው ሰው "ኧረ ከፍለሽ ግቢ፣ አታካብጂ" ቢላችሁ እንኳ።

በመካከሉ ሰዎች ነገሩን ወደ ሽማግሌ ወሰዱት። ወሎ ነውና አበጋሮች ተቀመጡ። ቡና ተፈላ፣ ዱአ ተደረገ። እኔም ተናገርኩ፣ ገበሬውም ተናገሩ። ከቢሮው እንዲመጣ የተጠራው ሰው ቀረ፤ ስብሰባ ላይ ነው አሉ። በመጨረሻ አንደኛው አበጋር "ልጅቷም አልበደለች፣ አህመድም አልበደለ፣ የበደለው እዚህ አልተቀመጠም" አሉና ሁላችንም ሳቅን። (የገበሬውን ስም ቀይሬዋለሁ።) ከዚያ ጉባኤ ያተረፍኩት ከገበሬው ጋር መዋደዳችንን ነው። እሸቱ ሲደርስ ላኩልኝ። ችካል ግን አሁንም የለም።

ይህ ሁሉ እየሆነ ምን ደረሰኝ መሰላችሁ? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። "በተረከቡት ቦታ ላይ በውሉ መሠረት ግንባታ ባለመጀመርዎ" ይላል። ምክንያቴን ካላቀረብኩ ውሉ ይቋረጣል፣ መሬቱም ወደ መሬት ባንክ ይመለሳል። ያልተረከብኩትን መሬት አላጠርሽም ተብዬ ልቀማ ነው! ደብዳቤውን የፈረመው ካሳው እንዳልተከፈለ በአንደበቱ የነገረኝ ሰው ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መልሱን በጽሑፍ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ሄጄ በግልባጩ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ካልተደረገልኝ አልወጣም ብዬ ቆምኩ። ለዞኑም ግልባጭ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ማስጠንቀቂያ አልመጣም። የካሳ ክፍያም አልመጣም። የመንግሥት ቢሮ ውስጥ በአፍ የተባለ ነገር ሁሉ አልተባለም ማለት ነው፤ ይህንን ያዙልኝ።

ማሽኑ ግን አይጠብቅም። የባንኩ የእፎይታ ጊዜ እየነጎደ ነው። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የቆመ ወፍጮ ቤት ተከራየሁ። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፣ ኪራይ ላይ ቀልድ አያውቁም። መጋዘኑ ያረጀ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ግን ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ከባድ ማሽን የሚያስነሳ የመብራት ቆጣሪ አለው። በሩ ድረስ አስፋልት አለው። ኤሌክትሪሺያኑ መፍጫውን አገናኝቶ ማብሪያውን ሲጫን ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሪያው የስንት ዘመን ዱቄት ላያችን ላይ ወረደ። በዚያው ሳምንት መኖ ሸጥኩ። የመሬት ቢሮው ሰዎች ሲሰሙ "መሬት በነፃ በሚባል ዋጋ እየሰጠንሽ በኪራይ ትነጂያለሽ?" ብለው ተገረሙብኝ።

ባለሥልጣናቱ የሚመክሩት መሬት ወስዳችሁ እንድትገነቡ ነው። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ መሬት አትውሰዱ። ቆጣሪ ያለው ያረጀ መጋዘን ፈልጋችሁ ተከራዩ። የግድ መሬት ካላችሁ ደግሞ ምደባ ተገኘ ብላችሁ አትፈንድቁ። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ለጨረታ የሚቀርብ መሬት ከማንም የይገባኛል ጥያቄ ነፃ የሆነና መሠረታዊ መሠረተ ልማት የደረሰው እንዲሆን ያዛል። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ቢያንስ የምትከራከሩበት አንቀጽ ይኖራችኋል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ገበሬው ካሳ የተቀበለበትን ሰነድ አሳዩኝ በሉ። ካላሳዩ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ውጡ። ቦታውንም ብቻችሁን ሄዳችሁ እዩት፤ እርሻው ላይ ያለውን ሰው አነጋግሩ። ከቢሮው መኪና ጋር ከሄዳችሁ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም።

ስለ ግብር እፎይታው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ለራቀ ፋብሪካ ረዘም ያለ ዓመት መሰጠቱ ጥሩ ነው። ግን የእኔን የሚያክል ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መች ያተርፋል? በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲጀምር መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በቆሎ የጫነ መኪና ቀረ። ትርፍ ሳይኖር ከትርፍ ግብር ነፃ ነሽ መባል የቁም ቀልድ ነው። ቀረጥ ነፃው ግን እውነተኛ ጥቅም ነው፤ እሱን ሳትጠቀሙ እንዳትቀሩ። እኔ አማክሩኝ ብባል ለእፎይታው የሚለቀቀውን ገንዘብ በከፊል ለካሳ ፈንድና ለመብራት ምሰሶ አውሉት ነው የምለው። ባለሀብት የሚመጣው አጥሩ ድረስ የመጣ መስመር ሲያይ ነው። የጠየቀኝ ግን የለም።

ሐጂ አሁን መጋዘኑን ልሽጠው እያሉ ነው። ስንከራከር ሰነበትን። ካርታ አለው፣ ቆጣሪ አለው፣ ካሳ የሚጠብቅ ሰው የለበትም። ዋጋው ግን አይቀመስም። ባንኩ ጥናት አምጪ ብሎኛል፤ በዚህኛው ባቡር የለም።