የቆርቆሮዋን ሳጥን ካሜራ እንደገና ፊልም ማጉረስ

አግፋ ሲንክሮ ቦክስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሙኒክ የተሠራች የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ አንድ ሌንስ፣ አንድ ሻተር (ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባ መዝጊያ)፣ ሁለት ትንንሽ መመልከቻ፣ በቃ። የዘር ሐረጓ በ1900 በ1 ዶላር ከተሸጠችው የኮዳክ ብራውኒ ይመዘዛል፤ ያቺ ግን ካርቶን ነበረች። አግፋ በ1932 የቀድሞ ሳጥኑን ጀርመን ውስጥ ያስፋፋበት ዘዴ ያስቀናል፦ የድርጅቱን አራት ፊደላት የያዙ አራት የ1 ማርክ ሳንቲሞች ላመጣ ካሜራ ሰጠ። ፊደላቱ የሳንቲም ማተሚያ ቤቶቹ ምልክት ነበሩ።

ጀርባዋን ከፍቼ፣ የማጠንጠኛውን ቁልፍ ወደ ውጭ ስቤ የውስጡን ክፍል አወጣሁ። ቁልፉን ሳይስቡ መታገል ቆርቆሮውን ያጣምማል። ሌንሱን በጆሮ ማጽጃ ጥጥና በጠብታ አልኮል በሁለቱም በኩል ጠረግሁ። የመመልከቻዎቹን መስታወት ግን በእርጥብ ነገር አልነካሁም፤ ቅቡ ይላጣል። ሻተሩ ሲንቀራፈፍ ዘይት ማድረግ ያምራል፣ ግን አቧራ ሰብስቦ መልሶ ያጣብቀዋል። አንድ ጠብታ የላይተር ቤንዚን አድርጌ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሳስተኩሰው ተላቀቀ።

ፊልሙ 120 የሚባለው ሰፊ ጥቅል ነው፣ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር 8 ፎቶ ይወጣዋል። 620 የሚባለውን ፊልም ከሚወስዱት የኮዳክ ሳጥኖች የምትሻለው በዚህ ነው፤ ለእነሱ 120ውን በጨለማ ወደ ቀጭን ማጠንጠኛ መገልበጥ ግድ ነው።

ትልቁ ጣጣ የፎቶው ተራ ቁጥር የሚታይበት የጀርባዋ ቀይ መስኮት ነው። የድሮው ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም ነበር፣ የዛሬው ያያል። የመጀመሪያው ጥቅል ሲታጠብ ኔጌቲቩ ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። አሁን መስኮቱን በጥቁር ናስትሮ ሸፍኜ፣ ቁጥሩን ለማየት ብቻ ጥላ ውስጥ እገልጠዋለሁ።

ሻተሩ 1/50 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የብርሃን ቀዳዳው 11 ወይም 16 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። በ100 አይኤስኦ (የፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) ጥቁርና ነጭ ፊልም ለጠራ ፀሐይ 16ን፣ ለደመና 11ን እጠቀማለሁ። በፀሐይ በ16 አንድ ደረጃ ያህል ብርሃን ይበዛል፣ ኔጌቲቭ ግን ይችለዋል። 400 ፊልም ግን በፀሐይ ሦስት ደረጃ ስለሚያልፍ ለደመናና ለጥላ አስቀምጠዋለሁ። ከ3 ሜትር የቀረበ ነገር ይደበዝዛል።

ሳጥኗ አንዱን ፍሬም ሁለቴ ከመተኮስ አትከለክልም፤ ስለዚህ እንደተኮስኩ ወዲያው አጠነጥናለሁ። ማንሻውን ስጫን ደግሞ ሆዴ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ በ1/50 ትንሿ ንቅናቄ ሁሉ ትታያለች።