በምን አሟሟኸው?

ስለ ኦርጋኒክ ሶላር፣ ማለትም በካርቦን ላይ ከተመሠረቱ ፕላስቲክ መሰል ቁሶች ስለሚሠራው የፀሐይ ሴል፣ ሳወራ ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው። «ፖሊመሩ (ብርሃን የሚውጠው ረጅም ሰንሰለት ሞለኪውል) ምንድን ነው?» በምን እንዳሟሟሁት የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ማስተርሴን ስሠራ ግማሹን ጊዜዬን የበላው ሶልቨንቱ ነው። የሚያሟሟው፣ ሴሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ውስጡ የማይገኘው ፈሳሽ ማለት ነው።

ጣሪያ ላይ የምናየው ሶላር ሲሊከን ነው። ኦርጋኒኩ የሚሠራው እንደ ቀለም ቅብ ነው። ኤሌክትሮን የሚሰጥ ፖሊመርና የሚቀበል ሌላ ሞለኪውል፣ ለብዙ ዓመት ፒሲቢኤም የተባለው የፉለሪን (ኳስ መሰል የካርቦን ሞለኪውል) ዘር፣ አንድ ላይ ይሟሟሉ፤ መስታወት ላይ ጠብ ይደረጋሉ፤ መስታወቱ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ፈሳሹ ይተናል። የሚቀረው 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ስስ ፊልም ነው። ከፀጉር በመቶዎች ጊዜ ይሳሳል።

ብርሃን ፖሊመሩን ሲመታው ወዲያው ኤሌክትሪክ አይሆንም። ኤሌክትሮኑና የተወው ባዶ ቦታ ተጣብቀው ጥንድ ይሆናሉ፤ ኤክሳይቶን ይባላል። ይሄ ጥንድ 10 ናኖሜትር አካባቢ ሄዶ ፒሲቢኤም ካላገኘ ይከስማል። ስለዚህ ሁለቱ በደንብ መቀላቀል አለባቸው። ከመጠን በላይ ከተዋሃዱ ደግሞ ኤሌክትሮኑ መውጫ መንገድ ያጣል። ልኩ የሚገኘው ፊልሙ ሲደርቅ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

አንድ ቀን የማሟሟበት ክሎሮቤንዚን አለቀብኝ (የማደያው ቤንዚን እንዳይመስላችሁ)። ቶሉዊን የሚባል ሌላ ሶልቨንት ነበረ። ያው ናቸው ብዬ በሱ አሟሟሁ፤ ሽታቸውም እኩል ራስ ያዞራል። ለመለማመጃ የተሰጠኝ የቆየ ፖሊመር ስለነበር ብዙም አልተጨነቅኩም። ፊልሙ ሲደርቅ ግን እፍ ያሉበት መስታወት መሰለ። ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። በቃ፣ ውሃ ያልበቃው ሽሮ እንደሚጓጉለው ፒሲቢኤሙ ጓጉሏል። ቶሉዊን ውስጥ እንደ ክሎሮቤንዚን አይሟሟም፤ ስለዚህ ፈሳሹ መቀነስ ሲጀምር ቶሎ ይወጣና ፖሊመሩን ጥሎ የራሱን ጉብታ ይሠራል። ጉብታው በመቶ ናኖሜትሮች ይለካል። ኤክሳይቶኑ የሚችለው 10 ነው። እንዴት ይድረስ?

ያሳፈረኝ ይሄ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ የታወቀ መሆኑ ነው። ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ውስጥ ሻሂን፣ ብራቤክ፣ ሳሪቺፍትቺና ባልደረቦቻቸው አንዱን ፖሊመር ከፒሲቢኤም ጋር በቶሉዊን ሲሠሩት 0.9 በመቶ፣ በክሎሮቤንዚን ሲሠሩት 2.5 በመቶ ሰጣቸው፤ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀየረው ድርሻ ማለት ነው። አዲስ ሞለኪውል የለም። ጠርሙስ ብቻ ነው የተቀየረው።

ፍጥነቱም ሌላ ጣጣ ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ስለሚፈላ መሽከርከሩ ሳያልቅ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ዳይክሎሮቤንዚን የሚፈላው በ180 ነው፣ አይቸኩልም። ፒ3ኤችቲ የሚባለውን ፖሊመር በሱ ቀብቼ፣ ገና እርጥብ እያለ የፔትሪ ሳህን ክዳን ደፍቼበት ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ እንዲያውም የተበላሸ መስሎኝ ላነሳው ነበር፤ ከዚያ ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ወይን ጠጅ እየሆነ መጣ። ሰንሰለቶቹ ጊዜ ሲያገኙ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ሲደረደሩ የሚውጡት ብርሃን ይቀየራል። በዓይን የሚታይ ክሪስታል አሠራር እንዲህ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው የያንግ ያንግ ቡድን በ2005 በዚሁ በዝግታ በማድረቅ ዘዴ 4.4 በመቶ ደርሷል።

ግን ዝግታ ለሁሉም ፖሊመር አይሠራም። በ2007 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ያለው የነአላን ሂገር ቡድን ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ክሎሮቤንዚኑ ላይ ኦክቴንዳይታዮል የሚባል ፈሳሽ ትንሽ ጠብ ማድረግ። እሱ ፉለሪኑን ያሟሟል፣ ፖሊመሩን አያሟሟም፣ የሚተነውም መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፖሊመሩ ቀድሞ መልክ ይይዛል፤ ፉለሪኑ እስከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ቆይቶ በተረፈው ክፍተት ይገባል። ከ2.8 ወደ 5.5 በመቶ ወጣ። የዳይታዮል ሽታ ግን አይጣል ነው! ኋላ ዳይአዮዶኦክቴን የሚባል ሌላ ተጨማሪ ፈሳሽ ሲተካው ደስ ያለኝ ለሳይንሱ ብዬ አልነበረም። እሱም ቢሆን ሙልጭ ብሎ ካልወጣ ሴሉን በብርሃን ቶሎ ያስረጀዋል።

አሁን ያለው ራስ ምታት ሌላ ነው። እንደ ክሎሮቤንዚን ያሉ ክሎሪን ያለባቸው ሶልቨንቶች መርዛማ ናቸው፤ ላብራቶሪ ውስጥ በጠብታ ይቻላሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ በበርሜል ማትነን ግን ማን ይፈቅዳል? ስለዚህ ኬሚስቶቹ ሞለኪውሉን ራሱን እየቀየሩት ነው። የጎን ሰንሰለቱን ያስረዝማሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጡለታል፣ ክሎሪን በሌለው ፈሳሽ በደንብ እንዲሟሟ። ፉለሪኑም በአዳዲስ ተቀባዮች ተተክቷል። ክሎሪን በሌላቸው በዛይሊንና በቶሉዊን የተሠሩ ሴሎች ከ17 በመቶ በላይ መስጠት ችለዋል።

አዎ፣ በቶሉዊን። ያኔ ያጉረመረምኩበት ጠርሙስ።