በባሌ መረሬ ላይ የጠፋው 15 ሚሊሜትር፦ የኋላ ፓራፋንጎ አመራረጥ

ሁለት ያማሃ ቴኔሬ 700 ሞተር ሳይክሎች ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ለሚደረግ ጉዞ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋራዥ ተዘጋጁ። በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ፣ ከሌላ አምራች የተገዛ ታችኛው ፓራፋንጎ ተገጠመ። ታችኛው የሚባለው ስዊንጋርሙ (የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ) ላይ ታስሮ ከጎማው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንገድ ላይ ዝናብ ያገኘው መረሬ ሲጀምር አንደኛው አልፎ ሄደ፣ ሁለተኛው ቆመ።

አስጎብኚው ለዋናው መካኒክ ደወለ። «ጋሼ፣ ሞተሩ አቅም አጣ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል።»

መካኒኩ ወደ ፍሪሲዮኑ አልቸኮለም። «አጥፋውና ማርሹን ዜሮ አድርገህ የኋላውን ጎማ በእጅህ አዙረው» አለው። ወደ ፊት ንቅንቅ አላለም። «አሁን ወደ ኋላ ግፋው።» ትንሽ ተላቀቀ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ታወቀ። ፍሬን ሲይዝ በሁለቱም አቅጣጫ ይይዛል፤ ወደ ፊት እንቢ ብሎ ወደ ኋላ የሚላቀቅ ጎማ ግን በጠባብ ቦታ የተወጠረ ነገር አለበት።

ፓራፋንጎው ሲፈታ የፊተኛው ጫፉ ውስጥ ጭቃው እንደ ጡብ ጠጥሮ ተገኘ። የፊቱ ብሎን ማሰሪያ ተገንጥሏል። ከሁሉ የከፋው ግን የኋላ ፍሬን ዘይት ቱቦ ነው። የቱቦው ማቀፊያ ከፓራፋንጎው ጋር ታስሮ ስለነበር ፕላስቲኩ ሲሰበር ቱቦውን ወደ ጎማው ጎትቶታል፣ የላይ ሽፋኑም ተፍቋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢቀጥሉ ኖሮ ከኋላ ፍሬን አይኖርም ነበር። መካኒኩ በስልክ ያዘዘው ሦስት ነገር ነው፦ ፓራፋንጎውን ጨርሶ ማውለቅ፣ ቱቦውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከስዊንጋርሙ ጋር ማጣበቅ፣ ከአሮጌ ካማራዳርያ ቁራጭ ቆርጦ በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል እንደ መጋረጃ ማንጠልጠል። ሞተሩ ሮቤ ድረስ በዝግታ ገባና ቱቦው ተቀየረ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ፓራፋንጎው አንድ ዓይነት፣ መንገዱም አንድ ዓይነት ከሆነ ለምን አንዱ ብቻ ቆመ?

ሁለተኛው ሞተር ለዳገት እንዲመች ሁለት ለውጥ ተደርጎበት ነበር። የኋላው ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ከ46 ጥርስ ወደ 48 ተቀይሯል፣ ካቴናው ግን የቀድሞው ነው። ጎማውም ከ150/70-18 ወደ ጥርሳም 140/80-18 ተቀይሯል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ሒሳቡ ግን ሲደመር ነው የሚያስደነግጠው።

የጎማውን እንይ። 150/70 ማለት ወርዱ 150 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 70 በመቶ፣ ማለትም 105 ነው። 140/80 ደግሞ 112 ይመጣል። ጎማው ቀጠነ እንጂ አላነሰም፤ ከመሐል እስከ ጫፍ በ7 ሚሊሜትር አድጓል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው፤ የጥርሳም ጎማ ትክክለኛ ቁመት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ጎማው ተነፍቶ በሜትር መለካት አለበት።

የካቴናውም እንዲሁ ነው። ካቴናው 525 ስለሆነ የአንዱ አንጓ ርዝመት 15.875 ሚሊሜትር ነው። ስፕሮኬቱ ላይ ሁለት ጥርስ ሲጨመር ካቴናው አንድ አንጓ ያህል ያጥራል፤ ያ እጥረት ለላይኛውና ለታችኛው መስመር ስለሚካፈል አክስሉ በግማሽ አንጓ፣ ወደ 8 ሚሊሜትር ገደማ፣ ወደ ፊት መሳብ አለበት። ፓራፋንጎው ግን የታሰረው ስዊንጋርሙ ላይ ነው፤ አክስሉን ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ ከጎማው ፊት ለፊት ያለው ክፍተት 7 ሲደመር 8፣ በድምሩ 15 ሚሊሜትር አጣ።

ባልተቀየረው ሞተር ላይ ክፍተቱ ከኋላ 18፣ ከላይ 20፣ ከፊት 22 ሚሊሜትር ነበር። በተቀየረው ላይ ከኋላ 17፣ ከላይ 13፣ ከፊት 7 ሆነ፤ ከኋላ ብዙ ያልጠበበው አክስሉ ወደ ፊት መሳቡ የጎማውን እድገት አብዛኛውን ስላካካሰው ነው። ጋራዥ ውስጥ ጎማው በእጅ ሲዞር ምንም ስላልነካ «አልፏል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ፍተሻው ክፍተት መኖሩን እንጂ የክፍተቱን ቅርጽ አላየም። ሞተር ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው አናት ወደ ፊት ይዞራል፤ ጭቃ በፓራፋንጎው የኋላ ጫፍ ይገባና በፊተኛው ጫፍ ይወጣል። መግቢያው ከመውጫው ሲሰፋ ፓራፋንጎው ማነቂያ ይሆናል፤ የገባው ሁሉ እየጠበበ በሚሄድ ቦታ ይታመቃል። ለዚህ ነው ወደ ኋላ ሲገፋ የተላቀቀው። ጎማ ሲፈጥን ጥቂት እንደሚለጠጥ፣ በጥርሶቹ መካከል ድንጋይ እንደሚያጣብቅም ስናስብ 7 ሚሊሜትር ለደረቅ ጠጠር መንገድ እንኳ አይበቃም።

እንግዲህ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ ወይም መልክ ሳይሆን አፈሩ ነው። አስፋልትና ደረቅ ጠጠር ላይ ታችኛው ፓራፋንጎ ምርጥ ነው፤ ጎማው ከአናቱ የሚወረውረውን ጠጠርና ውኃ ከሾኩና ከሊንኬጁ (ሾኩን ከስዊንጋርሙ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ኩሺኔታዎች ይመልሳል። ለዚህ መንገድ 15 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል። መረሬና ዋልካ ላይ ግን ከ30 በታች መግጠም የለበትም፤ በክረምት ደግሞ አውልቆ መሄዱ ይሻላል። ሾኩ ያለ መከላከያ ይቀራል የሚለው ስጋት ትክክል ነው፤ መልሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ቁራጭ ነው። ላዩ ከላይኛው፣ ማለትም ከሞተሩ አካል ጋር ከታሰረው ፓራፋንጎ፣ ታቹ ከስዊንጋርሙ መስቀለኛ ጋር ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ቁራጩ ስለሚታጠፍ ጭቃ አይታመቅበትም፣ ሲበጠስም ምንም ነገር ይዞ አይሄድም። ላላ ማለት ግን ጎማውን እስኪነካ አይደለም። ይህ መጋረጃ በገበያ ካሉ ብዙ ውድ ዕቃዎች ይበልጣል።

ከአክስሉ አጠገብ ተነሥቶ በክንድ ከጎማው ጀርባ የሚዞረው ዓይነት ለአሽከርካሪው ጀርባና ለሻንጣ ጥሩ ነው፣ ለሾኩ ግን ምንም አይሠራም። በድንጋያማ መንገድ ክንዱ በድካም ይሰነጠቃል። ለከተማና ለአስፋልት ይሁን።

ስለ ማቴሪያል ብዙ ክርክር አለ፤ የሚሰበርበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። ፖሊፕሮፒሊን ሲታጠፍ ነጭ መስመር ያወጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ለገጠር መንገድ የሚመረጠው እሱ ነው። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ቀለም ይይዛል፣ ያምራል፣ ግን በብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ፋይበር ግላስ በየትም ሊጠገን ይችላል። ካርቦን ቀላል ቢሆንም ሲሰበር ስለታም ስንጥር ስለሚሆን ከጎማና ከፍሬን ቱቦ አጠገብ አይመከርም። አሉሚኒየም በመዶሻ ይቃናል፤ ድካሙ የሚታየው ማጠፊያው ላይ ነው። በፕላስቲክ ላይ ስንጥቅ ከታየ ጫፉ ላይ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ መብሳት ስንጥቁን ለጊዜው ያቆመዋል።

ሲገጠም ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፣ ሁለቱም አይተካኩም። የመጀመሪያው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ነው፤ ሁለቱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ሾኩ ቢጨመቅም አይለወጥም፣ የሚለወጠው በጎማ ልክና በአክስል ቦታ ነው። ስለዚህ አክስሉ ወደ ፊት እስከሚሄድበት የመጨረሻ ቦታ ተስቦ ይለካ። ሁለተኛው በፓራፋንጎውና ከላዩ ባለው አካል፣ በጭስ ማውጫውም መካከል ያለው ነው። የቴኔሬ 700 የኋላ ጎማ 200 ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቆሞ ሲታይ ሰፊ የሚመስል ቦታ በጉድጓድ ላይ ይጠፋል። ሞተሩን ከሥር በደንብ ደግፎ፣ የሾኩን የታች ብሎን አውጥቶ፣ አንዱ ሰው ጎማውን ወደ ላይ ሲያነሣ ሌላው ይመልከት። ሲነሣ ሾኩ ራሱ ላይ ያለው ላስቲክ የሚያቆምበት ቦታ በልኬት መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ጎማው በጉዞ ላይ ከሚደርስበት በላይ ይነሣል።

ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ኤም6 (6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው) ናቸው። ፕላስቲክን በቀጥታ ማጥበቅ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የብረት ቦኮላ (አጭር ቱቦ) ገብቶ ብሎኑ ቦኮላውን ይያዝ፣ ከላዩም ሰፊ ሮንዴላ ይደረግ። መካከለኛ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃል። ስዊንጋርሙን መብሳት ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ ላስቲክ ባለው ማቀፊያ ይታሰር።

የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦ ማቀፊያ ከፓራፋንጎው ጋር አብሮ የሚታሰርበትን ዓይነት የጋራዡ መካኒኮች ከዚያ ወዲያ አይቀበሉም፤ ማቀፊያው ለብቻው ስዊንጋርሙ ላይ እንዲታሰር ያደርጋሉ። የፍተሻ ቅጹም ተቀይሯል። «ጎማው በነፃ ይዞራል» የሚለው ተሰርዞ ሦስት የቁጥር ሣጥን ገብቷል፦ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከፊት። የፊቱ ቁጥር ከኋላው ካነሰ ሞተሩ አይወጣም፤ ስፕሮኬት፣ ካቴና ወይም ጎማ በተቀየረ ቁጥርም ሣጥኖቹ እንደገና ይሞላሉ።