ፍየልና በቆሎ

ዛሬ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ሱቁን ስከፍት ሚዛኑ ላይ ቀይ አቧራ ተኝቶ ጠበቀኝ፤ ጠርጌው ዞር ሳልል ሞላ። ሰማዩ ደመና ለብሷል፤ ሐገያ፣ የቦረናው አጭር የዝናብ ወቅት፣ ግን ሊያልቅ ነው፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እማዬ ትናንት ደውላ “ገበያ እንዴት ነው?” አለችኝ። “ደህና ነው” አልኳት። እውነቴን ነው፣ ደህና ነው። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ሞያሌ ውስጥ ድርቅ መግባቱን ቀድሞ የሚናገረው የፍየል ዋጋ ነው። ሳር ሲጠፋ ሁሉም ሳይሞትበት ሊሸጥ ይመጣል፤ ገበያው በከሳ ፍየል ይሞላና ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሰሞን በቆሎ ይወደዳል፣ ወተት የነጠፈበት ቤት ሁሉ እህል ገዥ ሆኗላ! አርብቶ አደሩ ሲሸጥም ሲገዛም ይጎዳል። እህል የምንሸጠው እናተርፋለን።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲቀር አይተነዋል። ቦረና በረቱ ባዶ ቀረ፤ ማዶ ኬንያ፣ ማርሳቢትም ያው ነበር። የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ የተመረቀው በዚያው በ2013 ነው። አስፋልቱ እስከ ናይሮቢ ተዘርግቶ ቆሞ ለመሄድ አቅም ያለው ከብት ጠፋ።

ጠዋት የዱሮ ደንበኛዬ መጡ፣ እኚያ ሽማግሌ። ፍየላቸውን ለደላላ ሸጠው ብሩን ጨብጠዋል። ከበቆሎው ጆንያ አንዲት ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሯትና “ደርቋል፣ ጥሩ ነው” አሉ። የነገርኳቸውን ዋጋ ቆጥረው ሰጡኝ። እኚህ ሰው እኮ ዋጋ ሳይከራከሩ ገዝተው አያውቁም! አንድ ጊዜ ለአምስት ብር ሻይ እስኪበርድ ተጨቃጭቀናል።

“አባባ፣ ዛሬ አይከራከሩኝም?” አልኳቸው።

“ዝናብ ሲመጣ እንከራከራለን፣ ልጄ።”

ቢመጣ ደስታዬ ነው፤ ከሻሸመኔ በዱቤ ያስጫንኩት በቆሎ ቢረክስብኝም፣ ዕዳው ቢከብደኝም ይምጣ። እስከዚያው ግን? ዋጋ ልቀንስ ብል ወሬው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይሰማል፤ አንዱ ነጋዴ ጠቅልሎ ይገዛኝና በማታ ማዶ ያሻግረዋል። በጣሳ በጣሳ እየሰፈርኩ ለማውቃቸው ብቻ ብሸጥ የማላውቃቸውስ? ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው እንዲደርስ አድርጌ እንዴት ነው የምሸጠው?