መሻገሪያው የት ነው?

አባቴ ደጀን አጠገብ ተወልዶ እዚያው ያረጀ ገበሬ ነው። ከቤቱ ጓሮ ጥቂት ራመድ ካሉ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይታያል። "ለእንዲህ ያለ ሰው ገደል ለማሳየት ነው ያን ሁሉ ብር የምታወጣው?" አለችኝ ባለቤቴ። መልስ አልነበረኝም። ግን ሰውየው ላስ ቬጋስ ከመጣ ሁለት ወሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ አፓርታማችን ውስጥ ቁጭ ብሎ በመስኮት ያያል። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ቀን "እናንተ አገር መሬት የለም እንዴ?" ሲለኝ ቆረጥኩ።

ጥቅምት 2015 ነው፤ በፈረንጆቹ 2022። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። እኔ፣ አባቴና የ11 ዓመቱ ልጄ ሆነን ሦስት ፓርኮች ለማየት ወጣን፤ ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ ከዚያ ግራንድ ካንየን።

ሆቴል አላሰብኩም። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሌሊት ሦስቴ ይነሳል፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በፍስኩም ቀን ቢሆን ከእንጀራ ውጪ ያለውን ነገር ምግብ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ አርቪ ተከራየሁ። ከፊቱ መኪና፣ ከኋላው ቤት የሆነውን ማለቴ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አለው። ርዝመቱ 25 ጫማ ነው፤ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ። ታክሲ ነጂ ስለሆንኩ መንዳቱ አላስጨነቀኝም ነበር። የመጀመሪያው ማደያ ውስጥ ስጠመዝዝ የኋላው ከነዳጅ መቅጃው ጋር ሊሳሳም ሲል ግን ላብ በላብ ሆንኩ።

አከራዮቹ አጠቃቀሙን በ15 ደቂቃ አስረድተው ቁልፉን ሰጡኝ። ከሥሩ ሦስት ታንከሮች አሉት። አንዱ ንጹህ ውሃ ይይዛል። ሁለተኛው የገላና የዕቃ እጣቢ ይጠራቀምበታል፤ "ግራጫ ውሃ" ይሉታል። ሦስተኛው "ጥቁር ውሃ" ነው።

"ጥቁር ውሃ ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

ነገርኩት።

"ይዘነው ነው የምንዞረው?"

አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ሄደ።

ፍሪጁን በእንጀራና በአልጫ ሞልተነዋል። ቬጋስ የሐበሻ ሱቅ አይቸግርም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ አባቴ "ያለሱ አልሄድም" ያለው ሙቀጫም ተጭኗል።

ከቬጋስ ዛየን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዩታ ከገባን በኋላ "ዛየን ማለት እኮ ጽዮን ማለት ነው" አልኩት። ቀና አለ። "ጽዮን ማርያም?" አይደለም፤ ስሙን በ1860ዎቹ እዚያ የሰፈሩ ሞርሞን የሚባሉ የእምነት ሰዎች ናቸው ያወጡት። መሸሸጊያ፣ የተቀደሰ ቦታ ብለው አስበው ነው። አባቴ ትንሽ አሰበና "እኛም ጎሃ ጽዮን አለን" አለ። እውነቱን ነው። ከደጀን ትይዩ፣ ከዓባይ ማዶ ያለችው ከተማ። ለካ ዕድሜውን ሙሉ ጽዮንን በገደል ማዶ ሲያያት ነው የኖረው።

ያረፍነው ከፓርኩ በር ውጪ፣ ስፕሪንግዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የአርቪ ማረፊያ ላላየ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ይሰጥሃል። እዚያ የመብራት ሶኬት፣ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። መኪናህን አቁመህ ሦስቱንም ትቀጥላለህ። ከእንጨት የተሠራ ጠረጴዛ አለ። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ጫጫታ ክልክል ነው። አባቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ የተቆላውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ጨምሮ፣ ሙቀጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ 12 ሰዓት እስኪሞላ ይጠብቃል። በየማረፊያው እንዲሁ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እንደኛ ከሁለት ፓርክ በላይ የሚያይ ሰው በየበሩ አይክፈል። ያኔ የአንዱ መግቢያ ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነበር። ለሁሉም ብሔራዊ ፓርኮች የሚያገለግለው የዓመት ካርድ ግን 80።

የዛየን ሸለቆ ውስጥ በዚያ ወቅት የግል መኪና አይገባም፤ በነጻ አውቶቡስ ነው የሚኬደው። ግራና ቀኙ ቀይ የድንጋይ ግድግዳ ነው። አንዳንዱ ከ600 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዱ ፌርማታ ላይ ሦስት ተራሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ስማቸው አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። አንድ የሜቶዲስት ሰባኪ ነው በ1916 የሰየማቸው። ይህን ስነግረው አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንደቆመ ሦስቴ እጅ ነሳ። ልጄ በሐፍረት ወደ ጫማው አቀረቀረ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ግን አይተው የራሳቸውን ባርኔጣ አወለቁ።

ይህን ሁሉ የቦረቦረው ቨርጂን የሚባል ወንዝ ነው። በጥቅምት ሲያዩት ሕፃን ይሻገረዋል። አባቴ ቁልቁል አየውና "ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል" አለ። ድንገት ደራሽ ሲመጣ ሰው እንደሚወስድ የሚያስጠነቅቀውን ምልክት ልጄ አነበበለት። "እሱስ ደግ ነው፤ ዓባይ ምልክት የለውም" አለ።

በነጋታው ልንወጣ ስንል ታንከሮቹን ማፍሰስ ነበረብኝ። ሕጉ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ግራጫውን ነው። የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦ እንዲወጣ። እኔ ገለበጥኩት። ምን እንደሸተተ አልናገርም። አባቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "ልቀቅ" አለኝ። ጓንቱን አጠለቀ፣ ቱቦውን ከፍ ዝቅ እያደረገ አጥቦ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ውሃ የሱ ሥራ ሆነ፤ ማንንም አያስነካም። ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ የከረመ ሰው ሥራ ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ብታዩ!

ከዛየን በምሥራቅ በኩል የሚያወጣው መንገድ በዋሻ ያልፋል። 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በ1930 ሲያልቅ የዛሬው ዓይነት መኪና ማንም አላሰበም ነበር። ወርዱ ከ2.4 ወይም ቁመቱ ከ3.4 ሜትር የሚበልጥ መኪና መሐል መሐሉን ካልሆነ አያልፍም ነበር። ስለዚህ እኛ በሄድንበት ጊዜ ተጨማሪ 15 ዶላር ይከፈልና ከወዲያ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያቆሙልህ ነበር። አባቴ የቆመውን ሰልፍ ሲያይ "ለኛ ነው?" አለ። ለኛ ነው አልኩት። ነጠላውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "በዕድሜዬ መንገድ ተዘግቶልኝ አያውቅም።"

ብራይስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ይጀምርና እስከ 2,700 ይደርሳል። ማታ ስንደርስ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። "ደብረ ብርሃን ነው እንዴ ያመጣኸን?" አለ አባቴ። የማረፊያው ቢሮ "ሌሊት የውሃ ጎማችሁን ንቀሉ" የሚል ወረቀት ለጥፏል። አነበብኩት፤ በጥቅምት ምን ይበርዳል ብዬ ተውኩት። ማሞቂያውንና ማይክሮዌቩን አንድ ላይ ስለኩስ ደግሞ መብራቱ ድርግም አለ። ሶኬቱ 30 አምፔር ነው፤ ሁለቱን አይችልም።

ከጎናችን የቆሙት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው የብሬከሩን ቦታ ያሳዩኝ። ቤታቸውን ሸጠው አርቪ ውስጥ መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ክረምቱን አሪዞና ያሳልፋሉ፣ ሲሞቅ ወደ ተራራው ይወጣሉ። ለአባቴ ተረጎምኩለት።

"ልጆች የሏቸውም?"

"ሦስት አሏቸው።"

"ታዲያ?"

እንዲህ መኖር ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ቤት የሌላቸው ምስኪኖች ናቸው ብሎ ደመደመ። የነሱ አርቪ ከኛ ቤት እንደሚሰፋና እንደሚወደድ ልነግረው አልደፈርኩም። ሽሮ በእንጀራ አድርጎ በልጄ እጅ ላከላቸው። ሴትየዋ በሹካ በሉት፤ ሰሐኑ ባዶውን ተመለሰ።

ጠዋት ጎማው እንደ ብረት ደርቋል። ጠብ የሚል ውሃ የለም። ሽማግሌው ሰሐናችንን ሊመልሱ ሲመጡ አይተው ሳቁና የፀጉር ማድረቂያ ይዘው መጡ። አባቴ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ፣ እሳቸው እየነፉ፣ ቋንቋ ሳይጋሩ ግማሽ ሰዓት ሠሩ።

ፓርኩ ውስጥ ስንገባ ያየነውም ያንኑ ነው። ብራይስ በስሙ እንጂ ካንየን፣ ማለትም ወንዝ የቦረቦረው ገደል፣ አይደለም፤ የአምባ ጠርዝ እየተናደ የሠራው ነው። ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፣ ቀን ይቀልጣል። በዓመት 200 ቀን ያህል እንዲህ ነው። ጎማዬን ያደረገውን ድንጋዩን አድርጎት በሺህ የሚቆጠር ቀይና ብርቱካንማ ዓምድ ቆሟል። የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች፣ ፓዩቶች፣ እነዚህ ክፉ ስለሠሩ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ሰዎች ናቸው ይላሉ። አባቴ "የሎጥ ሚስት" አለና አለፈ። ቆሞ የሳቀው በሌላ ነው። ስሙ የወጣለት ኤቤኔዘር ብራይስ የሚባል ሰፋሪ ስለ ቦታው ተጠይቆ፣ ላም ለጠፋበት ሰው መከራ ነው ብሏል ይባላል። "ይኼ ገበሬ ነው!" አለ አባቴ። ቀኑን ሙሉ ስለሱ ላም አወራ።

ወደ ግራንድ ካንየን ቀኑን ሙሉ ነዳን። መንገድ ላይ ፔጅ ከተማ ጋ የግሌን ካንየን ግድብ አለ፤ 216 ሜትር ቁመት። አባቴ የጠየቀው ስለ ሜጋዋቱ ብቻ ነው። 1,320 አልኩት። "የኛ ሲያልቅ?" 5,150። እንግዲህ እንሂድ አለ። ከኋላው ያለው ሐይቅ በድርቅ ጎድሎ የድሮው የውሃ ልክ ዐለቱ ላይ እንደ ነጭ ቀበቶ ቀርቷል። እኔ እሱን ሳይ ልቤ ፈራ። ወደ ኋላ ብዙ አላየሁም።

ግራንድ ካንየን ደቡቡ ዳርቻ ላይ፣ መብራትም ውሃም ፍሳሽም የሚቀጠልበት ማረፊያ ፓርኩ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ትሬይለር ቪሌጅ። ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጠዋት አባቴ በሩን ሲከፍት ላም የምታክል ኤልክ፣ የአጋዘን ዓይነት፣ ደጃፋችን ላይ ሣር ትግጣለች። በሹክሹክታ "የማን ናት?" አለኝ።

ከዚያ ገደሉ አፍ ላይ ቆምን። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። 446 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከአንድ ማይል የሚበልጥ ጥልቀት። ቁጥሩ ግን እዚያ ቆመው ምንም አይልም። አባቴ በትሩን ተደግፎ ረጅም ጊዜ አየ። ተገርሟል ብዬ ደስ አለኝ።

"መሻገሪያው የት ነው?"

"የለውም፤ ለመኪና የለውም።"

"ማዶ ሰው የለም?"

"አለ። በአየር 16 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ዙረህ ከሄድክ ግን 346።"

አልተዋጠለትም። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁል ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ ትወጣዋለህ። አያቱ ድልድይ ሳይኖር ውሃው በበጋ ሲጎድል አሞሌ ጨው ጭነው ይሻገሩ እንደነበር ለልጄ ነገረው። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሰማው። "ሰው እንዴት ገደል አጥሮ ያያል?" አለ አባቴ። ተቀይሟል ማለት ይቻላል።

በነጋታው ጠዋት በቅሎዎቹን ባናገኝ ኖሮ ተቀይሞ ይመለስ ነበር። ብራይት ኤንጀል ከሚባለው የእግር መንገድ መጀመሪያ አጠገብ በረት አላቸው። ሰውና ዕቃ ጭነው እስከ ታች ወንዙ ድረስ ይወርዳሉ። አባቴ አጥሩን ይዞ አንድ በአንድ መረመራቸው። የዚችን ወገብ አደነቀ፣ የዚያችን ጫማ ነቀፈ። ወደ ታች የሚጋልብ ሰው ከ200 ፓውንድ፣ 90 ኪሎ ገደማ፣ መብለጥ እንደሌለበት ስነግረው "አዋቂ ነው ያወጣው" አለ። ለበቅሎ ነጂው "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" በልልኝ አለው ልጄን። ልጄ እንደምንም ተረጎመ። ነጂው አጥሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። በቅሎ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ድልድይ መኖሩን የነገረን እሱ ነው። ታች ወንዙ ላይ፣ ለእግረኛና ለበቅሎ፣ በ1928 የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። አንድ ቶን ያህል የሚመዝነውን እያንዳንዱን የብረት ገመድ 42 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአገሩ ተወላጅ ሃቫሱፓዮች፣ ተሰልፈው በትከሻቸው ነው ያወረዱት።

አባቴ ጠመዝማዛውን ቁልቁል አየ። በበትሩ ጫፍ መታጠፊያዎቹን አንድ ሁለት እያለ ቆጠረ።

"የፊተኛው ሲታጠፍ የኋለኛው ገና ነው" አለ። "ገመዱ እንዳይጎትታቸው አንድ ላይ እየዘፈኑ መሆን አለበት የሄዱት።"

ወደ ቬጋስ ስንመለስ ታንከሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ አፈሰሰና ጓንቱን አጥቦ አሰጣው። ማታ ወንድሙ ከደጀን ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ከወጥ ቤት እሰማዋለሁ። ስለ ጥቁር ውሃ፣ የቱ ታንከር እንደሚቀድም፣ ቱቦው ከየት በኩል ከፍ እንደሚል። ከዚያ ስለ ጠፋችው ላም። ቤት ስለሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች።

"ገደሉስ?" ሳይለው አልቀረም አጎቴ።

"ገደል ነው" አለ አባቴ። "መሻገሪያ አለው፤ በበቅሎ ነው። እና ግራጫውን ከቀደምክ አለቀልህ..."