«ጋብ ብሎልኛል»

የመገጣጠሚያ ሕመሜን የምትከታተለው ሐኪም ፈገግ ብላ «ሪሚሽን ላይ ነሽ» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሰው አገር ስትኖሩ ያልገባችሁንም እንደገባው ሰው መነቅነቅ ትለምዳላችሁ። ከክሊኒኩ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ዳንኩ!»

«ተመስገን! መድኃኒቱንም ተገላገልሽዋ?»

«እሱማ ይቀጥላል።»

ዝም አለች። «ታዲያ ምኑን ዳንሽው?»

መልስ አጣሁ። ጥያቄዋን ይዤ ነው ለቀጣዩ ቀጠሮ የሄድኩት። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሪሚሽን ማለት ጥቃቱ ጸጥ አለ እንጂ ከሥሩ ተነቀለ ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ካቆሙት ብዙ ጊዜ መልሶ ይነሳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የምውጠው ሜቶትሬክሴት አልቀረልኝም።

ሪሚሽን ላይ መሆኔ የሚታወቀው ዳስ28 በሚሉት ስሌት ነው። ሐኪሟ 28 መገጣጠሚያዎችን እየተጫነች ያመመውንና ያበጠውን ትቆጥራለች። የደም ምርመራ ይታከልበታል። እኔም ሕመሙ ምን ያህል እንዳስቸገረኝ ወረቀት ላይ በተሰመረ መስመር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከ2.6 በታች ከሆነ ሪሚሽን ነው። የኔ 2.3 መጣ።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ከ28ቱ ውስጥ ከጉልበት በታች ያለ የለም! ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የእጅ ጣቶች፣ ጉልበት፣ በቃ። ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣት አይቆጠሩም። እኔ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጠጠር የረገጥኩ የሚመስለኝ በእግሬ ነው። ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካምም በስሌቱ የራሱ ቁጥር የለውም።

ይህን ለወራት አልተናገርኩም። እሷ በቁጥሩ ደስ ብሏት ሳለ «ያመኛል» ማለት ውለታ መርሳት መሰለኝ። (ይሉኝታ የማያስደብቀን ነገር የለም መቼም።) በመጨረሻ ስነግራት ጫማዬን አስወለቀችኝና የእግሬን ፊት ከግራና ከቀኝ ይዛ ጨመቅ አደረገችው። ጮህኩ። እሷም ጻፈች።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አልዳንኩም፤ ጋብ ብሎልኛል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

የሸሚዝ ቁልፍ ነገርኳት። ድሮ አንዱን ቆልፌ ቁጭ ብዬ አርፍ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉንም ቆልፌ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጣት እንዳለኝ ትዝ ያለኝ።

«እንዲህ ንገሪኝ እንጂ! እግርሽስ?»

«እሱ ገና ነው።»